በስህተት የተቀመጥኩት ለቅሶ

ዛሬ አንድ ሙሉ ሰፈር አስለቅሻለሁ። በስህተት!

ከሚያለቅሱት መሃል አንዷ ዩኒፎርም የለበሰች ፖሊስ ነበረች። ሽጉጧ ወገቧ ላይ እንዳለ ነው ስታለቅስ የነበረው።

ቪዲዮው ቀድሞኝ ደርሷችሁ ከሆነ፣ አዎ፣ በፒጃማ የዳቦ ሳጥን ላይ ተደፍቶ ደረቱን የሚመታው ሰውዬ እኔ ነኝ። የደረበው ብርድ ልብስ ግን የጎረቤት ነው። ሼር ያደረጋችሁት ሁሉ ስማችሁን መዝግቤያለሁ።

ሌላ ሰው ጨማምሮ ከሚነግራችሁ እኔው ራሴን ላዋርድ ብዬ ነው የምጽፈው።

ለማታውቁኝ፣ ደሳለኝ እባላለሁ፣ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ አለኝ። ከጆበርግ መሃል ተነስታችሁ በታክሲ ጉልበታችሁ እስኪደነዝዝ ከተጓዛችሁ በኋላ የምታገኙት ሎኬሽን፣ የከተማ ዳር የጥቁሮች ሰፈር ነው። ዳቦ፣ ወተት፣ ሳሙና፣ የስልክ ኤርታይም እሸጣለሁ። ከባንኮኒው ጀርባ መጋረጃ አለ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋዬ አለ። ሥራ ቦታዬ አራት እርምጃ ነው፤ ያም ሆኖ አረፍዳለሁ።

አሁን ወደ ፖሊሷ።

ሳጅን ማሴኮ ትባላለች። የኛን መንገዶች የምትይዝ የሰፈር ፖሊስ ናት። ጣቢያ ቁጭ ብላ ስልክ እስኪጮህ የምትጠብቅ ዓይነት አይደለችም፤ በእግሯ ነው የምትዞረው። ኮቪድ ከገባ ወዲህማ ባሰባት። የማን ስኳር መድኃኒት እንዳለቀ፣ የማን ባል እጁን እንደሚያነሳ፣ የትኛው ቤት ሦስት ቀን መጋረጃው እንዳልተገለጠ ሁሉ ታውቃለች። አንዲት ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አለቻት፤ ያየችውን ሁሉ እዚያ ላይ ትጽፋለች።

በየቀኑ በእኔም መስኮት ታልፋለች። ትቆማለች። ታያለች። ትጽፋለች።

እኔ ደግሞ ፖሊስ ሲጽፍ ሳይ የእኔን ጉድ የሚጽፍ ይመስለኛል። የመኖሪያ ወረቀቴ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ የሚያድሰው መሥሪያ ቤት፣ ሆም አፌርስ፣ በሎክዳውን ዝግ ነው። የሁላችሁም ተራዝሟል ይባላል። እሺ፣ ተራዝሟል። ግን መራዘሙን ፖሊሱ ሰምቶ እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ?

ስለዚህ መላ ዘየድኩ። ማስክ ይባረክ!

"ደሳለኝ አለ?" ትለኛለች።

"የለም። እኔ ወንድሙ ነኝ።"

"የት ሄደ?"

"ከተማ።"

ታየኛለች። ትጽፋለች። "ወንድምህን ሰላም በልልኝ" ብላ ትሄዳለች። እንዲህ አድርጌ ስድስት ወር ሙሉ የራሴ ወንድም ሆኜ ኖርኩ። ወንድም የለኝም። አስቴር የምትባል አንዲት እህት ብቻ ናት ያለችኝ።

እና ባለፈው ሳምንት አስቴር ደወለች። እናቴ በኮቪድ ሆስፒታል ገብታለች፣ ኦክስጅን ላይ ናት አለችኝ።

እዚህ ጋ ቀልዱን ትንሽ ላቁም። ስድስት ዓመት ሆኖኛል እናቴን ካየኋት። ድንበሩ ባይዘጋ ኖሮ እንኳ በዚያ ወረቀት ብወጣ አልመለስም። አስቴር በየማታው ትደውላለች፣ "ዛሬ ትንሽ በላች"፣ "ዛሬ ተቀምጣ ነበር" ትለኛለች፤ እኔ ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዤ ወደ አልጋዬ አራት እርምጃ እሄዳለሁ። ቀኑን ሙሉ የምኖረው ለእሷ ነበር።

ከትናንት በስቲያ ስልኳ ተዘጋ።

ያቺ የቴሌ ሴትዮ ደንበኛዋን ማግኘት እንደማይቻል በትህትና ነገረችኝ። ሃምሳ ጊዜ ደወልኩ፣ ሃምሳ ጊዜ በትህትና።

ለሰፈሩ ሰው ትንፍሽ አላልኩም። ለማን ልንገር? ሰው መጥቶ "ማይ ፍሬንድ፣ አንድ ዳቦ" ሲለኝ እናቴ ኦክስጅን ላይ ናት እያልኩ ዳቦ ላቀብል?

ትናንት ማታ ደግሞ ታምሩ ደወለ። ታምሩ ሁለት መንገድ ወዲያ ስፓዛ ያለው የአገሬ ልጅ ነው፣ ጓደኛዬ።

"በላህ?" አለኝ።

ታምሩ በስድስት ዓመት ውስጥ መብላቴን ጠይቆኝ አያውቅም! ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ደወለ። "ብቻህን ነህ? ደህና ነህ አይደል?" ድምፁ ለስልሷል። ታምሩ ደግሞ በተፈጥሮው የሚጮህ ሰው ነው።

እናንተ ሐበሾች ናችሁ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋችሁም። ሰው ሲሞትባችሁ መጀመሪያ የሚያውቀው አገሩ ሁሉ ነው፤ መጨረሻ ላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ይለሰልስላችኋል።

እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

አስራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው በሩ ተንኳኳ። የዳቦ መኪናው አይደለም፤ እሱ ጥሩንባ ነው የሚነፋው። ስልኬ እጄ ላይ ነው፣ ገና አስቴር ጋ እየደወልኩ ነበር። በመስኮቱ ብረት አሾልቄ አየሁ።

ሳጅን ማሴኮ ኮፍያዋን አውልቃ እጇ ላይ ይዛዋለች። ከጎኗ የመንገዳችን ፓስተር በጥቁር ሱፍ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በብብታቸው። ቀጥሎ የግድግዳ ጎረቤቴ ጎጎ ኖምሳ፣ የሁላችን አያት፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው ወደ መሬት ያያሉ። መጨረሻ ላይ የሌሊት ጠባቂዎቹ አለቃ ባባ ሞሎይ በዱላቸው ተደግፈው። ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀው ቆመዋል። አንዳቸውም አያወሩም።

በጠዋት። ሽማግሌ። ጥቁር ሱፍ። ዝምታ።

መርዶ!

የኛን አገር ታውቁታላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰውዬው ከቤቱ ሳይወጣ በማለዳ ተሰብስበው ይመጡና በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ፊታቸውን ያየ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ያውቃል። አሁን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። አስቴር ስልኳን የዘጋችው ለዚህ ነው። ታምሩ ሰምቶ መናገር አቃተው፣ ለፖሊሷ ነገራት፣ እሷ ሽማግሌ ሰበሰበች።

በዚያ ድንጋጤ ውስጥ እንኳ አደነቅኳት። ወግ ታውቃለች አልኩ!

በሩን ከፈትኩ።

"ውስጥ ስንት ናችሁ?" አለችኝ።

"ብቻዬን ነኝ።"

"ጥሩ። ና ውጣ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ተቀመጥ" አለችና የተገለበጠውን የዳቦ ሳጥን አሳየችኝ። "ማኅበረሰቡ ልኮን ነው የመጣነው።"

ፍረዱኝ እስቲ። መርዶ ነጋሪ ከዚህ ሌላ ምን ይላል?

"አውቃለሁ" አልኳት።

"ታውቃለህ?" አለች፣ ትንሽ ቅር እያላት። ሰርፕራይዟ ተበላሽቶባት እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

እኔ ግን ከዚህ በላይ መቆም አልቻልኩም። ሳጥኑ ላይ ተደፍቼ ደረቴን መታሁ። መጀመሪያ በሃዲይኛ ጮህኩ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ መጨረሻ ላይ ማንም እንዳልተረዳኝ ሳይ በእንግሊዝኛ። "ማማ! ማይ ማማ!"

እሷን ሁሉም ተረዷት።

አራቱም እጄ ላይ ያለውን ስልክ አዩ። እናቱ ሞታ አሁን በዚህች ደቂቃ ተደወለለት ብለው ደመደሙ። እነሱ እኔ የነገርኳቸው መሰላቸው። እኔ እነሱ የነገሩኝ መሰለኝ።

ማንም ማንንም አልጠየቀም።

ጎጎ ኖምሳ ሁለት ሜትሩን ረሱት። ብርድ ልብሳቸውን ከራሳቸው ላይ አውልቀው እኔን አለበሱኝና ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ አደረጉት። ፓስተሩ መጽሐፋቸውን ገልጠው በዙሉኛ መዘመር ጀመሩ። መዝሙሩ ከአጥር አጥር ሲሻገር በሮች ተከፈቱ። ሰው በነጠላ ጫማ፣ በጋውን፣ የጥርስ ብሩሽ በአፉ እንደያዘ ወጣ። በዚህ ሦስተኛው ዌቭ መንገዳችን ለቅሶ ለምዷል። ማን ሞተ፣ እንዴት ሞተ ሳይሉ ነው ተቀብለው የዘመሩት።

ዳቦ ሊገዛ የመጣው ሁሉ ዳቦውን ትቶ ለቀስተኛ ሆነ።

አሁን የሳጅን ማሴኮን ጭንቅ አስቡት። መሰብሰብ ክልክል ነው! ይህች ሴት ባለፈው ሳምንት የልደት ኬክ ያቋረጠች ሴት ናት፤ ሻማው ሳይጠፋ ሰዉን በትናለች። ዛሬ ግን ዓይኗ ሥር ሰልፍ የሚያህል ሕዝብ ቆሟል። ልበትነው ትላለች? ሰው እናቱ ሞታ?

ኮፍያዋን መልሳ አጠለቀች። "ሁለት ሜትር! ማስክ ወደ ላይ!" እያለች ለቀስተኛውን በመስመር አቆመች። ከባንኮኒዬ ላይ የሳኒታይዘሩን ጠርሙስ አነሳች። እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ የሚያለቅስ ሁሉ መዳፉ ላይ ይረጭበታል።

እንዲህ እየረጨች መጥታ እኔ ጋ ስትደርስ ጠርሙሱን መሬት አስቀመጠችው። ተንበረከከች። ሁለቱን ትከሻዎቼን ያዘች።

እና አለቀሰች።

የወግ ለቅሶ አልነበረም። ማስኳ ረጥቦ ፊቷ ላይ እስኪጣበቅ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ነው ያለቀሰችው። በለቅሶዬ መሃል ቀና ብዬ አየኋት። እናቴን የት አውቃት ይሆን ብዬ አሰብኩ፣ እውነቴን ነው።

ጎጎ ኖምሳ ሻይ አፈሉ። ማግዊንያም ጠበሱ፣ ያቺን ከቦንቦሊኖ ጋር ዘመድ የምትሆን የዘይት ዳቦ። ሳልፈልግ አጎረሱኝ።

ሁለት ሰዓት ሲሆን መኪናዎች መጡ። ታምሩ ከደንበኛ ሰምቶ ግሩፓችን ላይ እያለቀሰ ቮይስ ለቆ ነበር፤ ከኢቫተንም ከኢነርዴልም ሐበሻው ሱቁን ቆልፎ መጣ። ታምሩ ራሱ መኪናው ሳይቆም ወረደና "እናቴ! እናቴ!" እያለ መሬት ላይ ወደቀ። እናቴን በፎቶ እንኳ አይቷት አያውቅም። ተነስቶ እንደገና ወደቀ።

ከኋላው ጋሽ በቀለ መጡ። የአካባቢያችን ሐበሻ ሽማግሌ ናቸው፤ ሠርግም ለቅሶም ያለ እሳቸው አይጀመርም። አጠገቤ ሳጥን ስበው ተቀመጡ፣ ትንሽ አስለቀሱኝ፣ ከዚያ እንደ ደንቡ መጠየቅ የሚገባውን ጠየቁ።

"ቀብሩ መቼ ነው ልጄ?"

"አልነገሩኝም ጋሽዬ።"

"ማን ነው የነገረህ?"

"እነሱ ናቸው" አልኩና ወደ ሳጅን ማሴኮ ጠቆምኩ።

ጋሽ በቀለ ኮታቸውን አስተካክለው ሄዱ። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው፣ "ማዳም፣ ለእናንተስ ማን ነገራችሁ?" አሏት።

"እሱ ነዋ" አለች፣ ወደ እኔ እያመለከተች።

ዝማሬው ቆመ።

ጋሽ በቀለ እኔን አዩኝ። ሳጅኗ እኔን አየችኝ። ፓስተሩ መጽሐፋቸውን ጣታቸው ላይ ዘግተው እኔን አዩኝ።

"ታምሩ፣ አንተ አይደለህም የነገርካት?" አልኩ።

"እኔ? ከሷ ጋር አውርቼም አላውቅ!"

"ታዲያ ትናንት ማታ በላህ ወይ፣ ብቻህን ነህ ወይ ያልከኝ ለምንድን ነው?"

ታምሩ አቧራውን ከጉልበቱ ላይ አራገፈ። "የኔ ፍሪጅ ተበላሽቶ ወተቱን አንተ ጋ ላሳድር ፈልጌ ነበር። በኋላ አፈርኩና ተውኩት።"

ፍሪጅ።

በዚህች ቅጽበት ነው ስልኬ የጮኸው። ከኢትዮጵያ፣ የማላውቀው ቁጥር። ጋሽ በቀለ "ስፒከር ላይ አድርገው" አሉ፤ የቱን እንደምነካ ሲጠፋኝ ሳጅን ማሴኮ ናት ጣቷን ልካ የነካችልኝ።

"አንተ ምን ነክቶሃል?" የአስቴር ድምፅ ነው። "ማን ሞተ ብለህ ነው? ግቢያችን በለቀስተኛ ተሞልቷል!"

የታምሩ ቮይስ ሆሳዕና ገብቶ ነበር። ከነጋ ሁለት ሴቶች በሯ ላይ ሲያለቅሱላት እናቴ ራሷ በመስኮት አይታቸዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከትናንት በስቲያ እናቴ ኦክስጅኑ ተነቅሎላት ከሆስፒታል ወጣች። በዚያው ግርግር የአስቴር ስልክ የልብስ ማጠቢያው ባልዲ ውስጥ ገባ። ከጎረቤት ስልክ እንዳትዋስ ደግሞ ከኮቪድ ቤት የመጣች እጅ ስልካችንን አትነካም ብለው ነበር። ለለቅሶው ግን አንድም የቀረ የለም፤ አሁን የደወለችውም በአንዱ ለቀስተኛ ስልክ ነው።

ከዚያ ስልኩ እጅ ተለወጠ። ትንሽ ማሳል ተሰማ።

"ደሳለኝ።"

"እማ!"

"ሞተች ብለህ አለቀስክ አሉ።"

"አዎ እማ።"

"ሰው መጣ?"

"መንገዱ ሞልቷል።"

"ያገሩም ሰው አለ?"

"አለ። ፖሊስም አለች፣ እሷም አልቅሳልሻለች።"

እናቴ ትንፋሿን ስትሰበስብ ይሰማኛል። "ፖሊስ?" አለች ቀስ ብላ፣ ደስ እያላት። "በል እስቲ አንዴ አልቅስልኝ፣ እኔም ልስማው።"

ለማልቀስ መሞከር አላስፈለገኝም። ሁለት ቀን ሙሉ ለማንም ሳልነግር የያዝኩት ነገር ያኔ ነው የወጣው። የጠዋቱ ለቅሶ ከዚህ ጋር ሲወዳደር ልምምድ ነበር። እናቴ አለች። ሳል አላት፣ ድምጿ ሳስቷል፣ ግን አለች፤ ደግሞ እየሰማችኝ ነው። "ይበቃል፣ ይበቃል፣ ቆንጆ ነው" አለችና ዘጋችው።

የሚቀጥለውን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ቪዲዮው ላይ ስላለ መደበቅ አልችልም።

ሳጥኑ ላይ ቆምኩ። ሕዝቡ ሁሉ ይጠብቀኛል። በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብዬ፣ "እናቴ አልሞተችም። ሶሪ" አልኩ።

ሶሪ! እናቴ ባለመሞቷ ሰፈሩን ይቅርታ ጠየቅኩት።

መጀመሪያ እልል ያሉት ጎጎ ኖምሳ ናቸው። ቀጥሎ በነጠላ ጫማቸው ጀርባዬን አንዴ አጮሉኝ። መንገዱ በሙሉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ፓስተሩ ሰዓታቸውን አዩና "እኔ ወደ ትክክለኛው ልሂድ" ብለው በጥቁር ሱፋቸው ወደ ሌላ ሰው ቀብር ገሰገሱ። ለካ ሱፉ ለዚያ ነበር።

"እንግዲያውስ ለምን መጣችሁ?" አልኩ ባባ ሞሎይን።

ሽማግሌው ዱላቸው ላይ ተደግፈው እስኪበቃቸው ስቀው ነገሩኝ። ሳጅን ማሴኮ የመንገድ ኮሚቴ እያቋቋመች ነው። ሰው መሰብሰብ ስለማይቻል ስብሰባውን በእግሩ ታስኬደዋለች፤ የሌሊት ጥበቃው በማለዳ ሲያበቃ ሦስት ሰው ይዛ በየበሩ ትቆማለች። ከባለ ሱቆች አንድ ሰው ይግባ ሲባል ሰፈሩ የመረጠው እኔን ነው። ምክንያቱም አሮጊቶቹን ሰልፍ ሳላስቆም በጎን በር ዳቦና ለመድኃኒታቸው መደወያ ኤርታይም እሰጣቸዋለሁ። እኔ ለወረቀቴ እየተንቀጠቀጥኩ ሳለ እሷ ማስታወሻዋ ላይ ስትጽፍ የነበረው ይህንን ነው።

ላመሰግናት ዞርኩ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ሌላ የዳቦ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች። ኮፍያዋ ጉልበቷ ላይ ነው። መሬቱን ታያለች።

"እናቷ ባለፈው ወር ሞተችባት" አሉኝ ጎጎ ኖምሳ በጆሮዬ። "ክዋዙሉ ውስጥ። እሷ ራሷ ኮቪድ ይዟት ቤቷ ተዘግቶባት ነበር። ቀብሩን በስልክ ነው ያየችው። ቀኗ እንዳለቀ ዩኒፎርሟን ለብሳ ወጣች። እስከ ዛሬ ጠዋት እንባዋን ያየ ሰው የለም።"

ባለፈው ወር ለአሥር ቀን ጠፍታ እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። እኔ ደግሞ እሰይ ብዬ፣ ማስኬን አውልቄ፣ ሙዚቃ ከፍቼ ስሸጥ ነበር።

"ምን አሉህ?" አሉኝ ጋሽ በቀለ። ተረጎምኩላቸው።

ጋሽ በቀለ ወደ መኪናው እየሄደ ያለውን ሐበሻ አዩ። "የት ትሄዳላችሁ?" አሉ። "ለቅሶ ቤት ነው የመጣነው አይደል? ሐዘንተኛ እዚህ አለች።"

ኮታቸውን እንደገና ቆለፉ። ሳጅን ማሴኮ ፊት ሄደው፣ ሁለት ሜትር ርቀው ቆሙ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ።"

ከኋላቸው ሰው ተሰለፈ። ሱቁን ቆልፎ የመጣው ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ታምሩ ተራው ሲደርስ እንደገና አለቀሰ፤ በዚህኛው ግን አልወደቀም።

"ምንድን ነው የሚሉኝ?" አለችኝ።

"እግዚአብሔር ያበርታሽ ማለት ነው።"

"ምን ብዬ ነው የምመልሰው?"

"አሜን በይ።"

"እሱንስ አውቀዋለሁ" አለች፤ ለእያንዳንዳቸውም መለሰችላቸው። የጎጎ ሻይም ማግዊንያም አልባከነም፤ ለእውነተኛ ሐዘንተኛ ዋለ።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ከኪሷ አንድ የታጠፈ የኮሚቴ ቅጽ አወጣች። "ደሳለኝ ወይም ወንድሙ" አለችኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዛሬ ፈገግ እያለች። "በዛሬው ቀን ተረኛው የሆነው ይፈርም።"

ከስድስት ወር ጀምሮ ታውቅ ነበር!

ፈረምኩ። የመጀመሪያ ሥራዬ ምን መሰላችሁ? በሱቆች ደጃፍ ሰው እንዳይሰበሰብ መቆጣጠር። በዚህ ሎክዳውን ኦሬንጅ ፋርም ያየውን ትልቁን ሕገ ወጥ ስብሰባ የጠራሁት እኔ፣ ስብሰባ ልበትን ተሾምኩ።

ቢሆንም ያሳፈረኝ እሱ አይደለም። ፒጃማውም፣ ቪዲዮውም፣ ሶሪውም አይደለም። ያቺ ሴት እናቷን በስልክ ቀብራ መጥታ፣ በየቀኑ መስኮቴ ላይ ቆማ "ወንድምህ ደህና ነው? አንተስ ደህና ነህ?" ስትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቶሎ እንድትሄድልኝ "ሻርፕ፣ ደህና ነኝ" እያልኩ ማስኬን ወደ ዓይኔ እስብ ነበር።

"የእናትሽ ስም ማን ነበር?" አልኳት።

በስድስት ወር ውስጥ ለእሷ ያቀረብኩላት የመጀመሪያ ጥያቄ ነው።

"ቶኮዚሌ" አለች። ቀጥላ ልትሄድ ነበር፤ አልሄደችም። ማስታወሻ ደብተሯን ኪሷ ከተተችና ሳጥኑ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። እናቷ ዶሮዎቿን ስታሳድድ ምን ብላ እንደምትሰድባቸው ሳይቀር ነገረችኝ። ግማሽ ሰዓት አወራች። ደንበኛ መጥቶ ቢያንኳኳም አልተነሳሁም።

እና እናንተን ልጠይቅ። በየቀኑ ደህና ነህ ወይ የሚላችሁን ሰው "አንቺስ?" ለማለት ምን ትጠብቃላችሁ? እኔ የእናቴን መርዶ ጠበቅኩ። እሱም የውሸት ሆኖ ነው የተረፍኩት።